ኮርኒስ ውስጥ የሚገባ ስፒከር፦ ጂፕሰሙ ከመቀደዱ በፊት ቦታውን እንነጋገርበት

አዲስ_ሳሎን
ሰላም ለሁላችሁ። የሳሎናችን ኮርኒስ ፈርሶ በጂፕሰም እየተሠራ ነው። የብረት አጥንቱ ቆሟል፤ ቦርዱ የሚለጠፈው ከ10 ቀን በኋላ ነው። ገመድ ማሳለፍ ካለብኝ ጊዜው አሁን ነው።

ሳሎኑ 5.2 ሜትር በ4.1 ሜትር ነው፤ ከወለል እስከ ኮርኒሱ 2.7 ሜትር። ቴሌቪዥኑ አጭሩ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ሶፋው ፊት ለፊቱ ያለውን ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚቀመጠው። በአንድ ጎን ወደ መመገቢያው ክፍል ክፍት ነው። አራት ክብ የኮርኒስ ስፒከር ገዝቻለሁ፤ ባለ 6.5 ኢንች፣ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው 8 ኦም። ሐሳቤ አራቱን በአራቱ ማዕዘን ከመብራቶቹ ጋር አሰልፌ፣ ፊልሙንም ሙዚቃውንም በእነሱ ብቻ መስማት ነበር። ሁለት ትንንሽ ልጆች ስላሉን መሬት ላይ የሚቆም ሣጥን አንፈልግም። አንድ የሚያስጨንቀኝ ነገር ደግሞ አለ፤ እናቴ የምትተኛው ልክ ከሳሎኑ በላይ ባለው ክፍል ነው።

አንዴ ከተቀደደ በኋላ ቀዳዳው ወዲያ ወዲህ አይልም። የሞከራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

ድምፅ_በልክ
ወንድሜ፣ ከመቅደድህ በፊት መጠየቅህ ጥሩ ነው። በጣም የምለምንህ አንድ ነገር አለ፤ ስፒከርን ከመብራት ጋር አታሰልፍ። መብራት የሚሰለፈው ለዓይን ነው። የስፒከር ቦታ የሚለካው ግን ጆሮ ካለበት ነው። ሰዎች ቀና ብለው ሲያዩት እንዲያምር ብለው አሰልፈው የቀደዱት ኮርኒስ ስንት ቤት አይቻለሁ፤ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ሲሰሙ አንዱ ስፒከር ጆሯቸው ሥር ነው፣ ሌላው ከአራት ሜትር በላይ ይርቃል።

ሁለተኛው፣ ፊልሙን በአራቱ ብቻ ልስማ ያልከው ነው። ጆሯችን ድምፅ ከላይ ይምጣ ከፊት የሚለየው በውጪው የጆሮ ቅርጽ ነው። ቅጠሉና እጥፋቶቹ ከላይ የሚመጣውን ቀጭን ድምፅ በሌላ መልክ ይቀይሩታል፣ አእምሮም ያንን ያውቀዋል። ስለዚህ ተዋናዩ ፊት ለፊትህ ሲናገር ድምፁ ከጣሪያ ከመጣ ዓይንና ጆሮህ አይስማሙም። ለ10 ደቂቃ አትታዘበውም፣ ለሁለት ሰዓት ግን ያደክማል። የፊቱ ግራ፣ የፊቱ ቀኝና የንግግር ድምፅ የሚወጣበት መሐሉ በጆሮ ከፍታ ወይም ጥቂት ከፍ ብለው መሆን አለባቸው። ሣጥን ካልፈለግህ ግድግዳ ውስጥ የሚገባ አለ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ስስም አለ። ሁለቱንም ልጆች አይገፉትም።

ስቴሪዮ_ብቻ
በፊልሙ እስማማለሁ፤ ሙዚቃ ላይ ግን ኮርኒሱን ባንንቀው ደስ ይለኛል። እኔ በሥራ ክፍሌ ሁለት የኮርኒስ ስፒከር ብቻ ነው ያለኝ፣ ዓመታት ሆኖታል፣ በየቀኑ እሰማቸዋለሁ። ልዩነት ያመጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። ትዊተሩ፣ ማለት ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ክፍል፣ የሚዞር ስለሆነ ወደ ወንበሬ አዘንብዬዋለሁ፤ ደግሞም ሁለቱ ከወንበሬ እኩል ርቀት ላይ ሆነው ከፊቴ ናቸው እንጂ አናቴ ላይ አይደሉም። ዘፋኙ ከመሐል ይሰማኛል፤ ከፍ ብሎ ነው፣ ግን ቦታውን ይዟል።

ድምፅ_በልክ
@ስቴሪዮ_ብቻ እውነትህን ነው፣ ሙዚቃ ሥዕል ስለሌለው ከፍታውን ጆሮ ቶሎ ይለምደዋል። እኩል ርቀት ያልከው ደግሞ ዋናው ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፣ አንድ ሜትር ማለት ወደ 3 ሚሊ ሰከንድ ነው። ጆሮ ቀድሞ ወደ ደረሰው ስለሚያዘነብል አንዱ ስፒከር በአንድ ሜትር ከቀረበ ዘፋኙ ወደዚያ ተጎትቶ ይቀራል።

ገመድና_ኦም
እኔ በገመዱ በኩል ልምጣ፣ 10 ቀን ስለቀረህ አስቸኳዩ እሱ ነው።

አራቱን 8 ኦም ስፒከሮች በአምፕሊፋየሩ አንድ ቻናል (መውጫ) ላይ ጎን ለጎን ካሰርካቸው 2 ኦም ይሆናሉ። ለቤት የሚሸጥ አብዛኛው አምፕሊፋየር ያንን አይሸከምም፤ ይሞቃል፣ ድምፅ ስትጨምር ራሱን ይዘጋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማሰር 4 ኦም ይሰጥሃል፣ አምፕህ 4 ኦም እችላለሁ የሚል ከሆነ ብቻ አድርገው። እኔ የምመክርህ ለእያንዳንዱ ስፒከር የራሱን ገመድ እስከ አምፑ ድረስ ማምጣት ነው። መንገድ ላይ የሚቀጠል ገመድ ጂፕሰም ውስጥ አትተው። ዛሬ ባትፈልገው እንኳ ነገ አቀማመጡን መለወጥ የምትችለው እያንዳንዱ ጫፍ ለብቻው አምፑ ጋ ከደረሰ ነው።

ውፍረቱን በሒሳብ እንየው። ከአምፑ እስከ ስፒከሩ 20 ሜትር ቢሆን ኤሌክትሪኩ ሄዶ ስለሚመለስ 40 ሜትር ሽቦ ነው። በባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ 0.46 ኦም ያህል ይሆናል፤ ከ8 ኦሙ 6 በመቶ ሊደርስ ጥቂት ነው የቀረው። በባለ 2.5 ወደ 0.28 ኦም፣ 3.5 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ብዙ ሰው የሚይዘው ልክ ከ5 በመቶ እንዳያልፍ ነው። ለአንተ ሳሎን 10 እና 12 ሜትር ከሆነ ባለ 1.5 ይበቃል፤ ዋጋው ካላሳሰበህ ግን ባለ 2.5 ዘርጋ፣ ኮርኒሱ ሁለተኛ አይከፈትም። ንጹሕ መዳብ መሆኑን ጫፉን ፋቅ አድርገህ እይ። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል፣ ተቃውሞው ከመዳብ በግልጽ ይበልጣል፣ ሲታጠፍም ቶሎ ይሰበራል። ልባሱ ደግሞ ግድግዳና ኮርኒስ ውስጥ እንዲቀበር የተፈቀደ፣ እሳት የማያስፋፋ ዓይነት ይሁን።

ከመብራት መስመር ጋር ጎን ለጎን አታስኪደው፣ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቀው። መገናኘት ካለባቸው መስቀል ሠርተው ይተላለፉ። በየስፒከሩ ቦታ አንድ ሜትር ትርፍ ጠቅልለህ ተው፣ ሁለቱም ጫፍ ላይ ስሙን በናስትሮ ለጥፍ።

ቦርዱ ከመለጠፉ በፊት ደግሞ ሜትሩን ከግድግዳው ላይ ዘርግተህ ከአጥንቱ ጋር ፎቶ አንሳ። ያ ፎቶ ለ10 ዓመት ያገለግልሃል።

አዲስ_ሳሎን
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን ለፊቱ ሦስት በቴሌቪዥኑ ዙሪያ ግድግዳ ውስጥ የሚገባ እንዲሆን ወሰንን፤ ለጎኖቹም ሁለት ትንንሽ የግድግዳ ስፒከር ይኖራል። አራቱ የኮርኒሶቹ እንግዲህ ለአትሞስ፣ ማለት የፊልሙን ድምፅ ከላይም ለሚያመጣው የዶልቢ ሥርዓት፣ ይሁኑ? ወይስ አራት ይበዛል? ሶፋውን ከግድግዳው ትንሽ ማራቅ ይቻላል፣ ግን መሐል ክፍል አይመጣም።

ድምፅ_በልክ
ይህ ነው ዋናው ጥያቄ፤ ቁጭ ብለን እንለካው።

አትሞስ ወደ ሲኒማ ቤት የገባው በ2012፣ ወደ ቤት የመጣው በ2014 ነው። ዶልቢ ባወጣው የቤት መመሪያ መለኪያው የኮርኒሱ ማዕዘን አይደለም፣ የተቀመጠው ሰው ጆሮ ነው። ከጆሮህ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት የሚሄደውን መስመር ዜሮ በልና ወደ ላይ ቁጠር፣ አናትህ 90 ዲግሪ ነው። አራት የላይ ስፒከር ካሉ የፊቶቹ ሁለት ከ30 እስከ 55 ዲግሪ፣ የኋላዎቹ ከ125 እስከ 150 ዲግሪ ውስጥ ይገባሉ። ሁለት ብቻ ከሆኑ ከ65 እስከ 100 ዲግሪ። ስፋታቸው ደግሞ ከፊቱ ግራና ቀኝ ስፒከር ጋር በአንድ መስመር ቢውል ይመረጣል።

አሁን ወደ አንተ ቤት። የተቀመጠ ሰው ጆሮ ከወለል 1.1 ሜትር ገደማ ነው። 2.7 ሲቀነስ 1.1፣ ከጆሮ እስከ ኮርኒስ 1.6 ሜትር ይቀራል። የኋላዎቹን ቢያንስ 125 ዲግሪ ላይ ለማድረስ ከጆሮህ በስተጀርባ 1.12 ሜትር መሄድ አለብህ። ስፒከሩ ደግሞ ግድግዳ ላይ እንዳይለጠፍ ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ተውለት። ጆሮህ ከኋላው ግድግዳ 1.6 ሜትር ርቆ መቀመጥ አለበት ማለት ነው። ይህ መሐል ክፍል ነው፣ አንፈልግም ብላችኋል። አራቱን በግድ ካስገባናቸው የኋላዎቹ አናትህ ላይ ይወድቃሉ፣ ከፊቶቹም ጋር የሚለያቸው ነገር ይጠፋል።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ሁለት የላይ ስፒከር ብቻ ነው። ሶፋውን 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ከግድግዳው አርቀው፤ ጆሮህ ከግድግዳው አንድ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሁለቱን ከጆሮህ 43 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት አድርጋቸው፣ ልክ 75 ዲግሪ ይመጣል። ከኋላው ግድግዳ 1.43 ሜትር ማለት ነው። የፊቱን ግራና ቀኝ በ3 ሜትር ካራራቅህ እነዚህም 3 ሜትር ይራራቁ፣ ከየጎኑ ግድግዳ 55 ሳንቲ ሜትር።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። በዚህ አቀማመጥ አንተ ከስፒከሩ ዘንግ 44 ዲግሪ ያህል ወደ ጎን ነህ። አብዛኛው የኮርኒስ ስፒከር ቀጭኑን ድምፅ እስከ 45 ዲግሪ ድረስ በደህና ለመርጨት ነው የሚሠራው፤ አንተ ጠርዙ ላይ ነህ ማለት ነው። ትዊተሩ የሚዞር ከሆነ ወደ ሶፋው መሐል አዘንብለው። የማይዞር ከሆነ ሁለቱንም በ20 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ሳባቸው። ከፊቶቹ ጋር ያለው መስመር ትንሽ ቢዛነፍ ጉዳት የለውም፤ ቀጭኑ ድምፅ ከጠፋ ግን ዝናቡም ሄሊኮፕተሩም ይደነዝዛል።

የቀሩትን ሁለት መመገቢያው ኮርኒስ ላይ አድርጋቸው። 90 ዲግሪ የሚረጭ ስፒከር ከ1.6 ሜትር ከፍታ ጆሮ ደረጃ ላይ 3.2 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ይሸፍናል፣ ሁለቱ ለጠረጴዛው ዙሪያ ከበቂ በላይ ናቸው። እዚያ ሰው በየአቅጣጫው ስለሚቀመጥ ግራና ቀኝ አትለይ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ድምፅ ያውጡ። አለዚያ አንዱ ጫፍ የተቀመጠው ጊታሩን ብቻ፣ ሌላው ፒያኖውን ብቻ ይሰማል።

የላይኛው_ፎቅ
ስለ እናትህ ጉዳይ ማንም ስላላነሳው ልጻፍ። እኔ ላይኛው ፎቅ ላይ የምኖር ሰው ነኝ፣ ከታች ያለው ቤተሰብ ኮርኒስ ስፒከር ያስገባ ጊዜ ምን እንደሚሰማ አውቀዋለሁ። ንግግሩ አይሰማም። የሚሰማው ጉምጉምታው ነው፤ ወለሉ ላይ ተኝተሽ በጀርባሽ ነው የምትሰሚው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ጀርባው ክፍት የሆነ ስፒከር ወደ ታች የሚገፋውን ያህል ወደ ላይም ይገፋል፣ ኮርኒሱና ሶሌታው መካከል ያለው ባዶ ቦታ ደግሞ እንደ ከበሮ ይሆናል። እኛን የረዱን ሦስት ነገሮች ናቸው። ስፒከሮቹ ወርደው ጀርባቸው ላይ ዝግ ሣጥን ተደረገላቸው። በኮርኒሱ ውስጥ የድንጋይ ሱፍ ተነጠፈ። ሦስተኛው ምንም ወጪ የሌለው ነው፤ በአምፑ ላይ የኮርኒሶቹ ወፍራም ድምፅ ከ100 ኸርዝ በታች ተቆርጦ ወደ ሰብዉፈሩ፣ ማለት ወፍራሙን ድምፅ ብቻ ወደሚያወጣው ስፒከር፣ ተላከ። ሰብዉፈሩም ወፍራም ላስቲክ ላይ ተቀመጠ። ፈጽሞ ጠፋ አልልም፤ ወፍራም ድምፅ በቀላሉ አይቆምም። እንቅልፍ ግን መተኛት ቻልን። ኮርኒሱ ገና ክፍት እያለ ሣጥኑንና ሱፉን አስገባላት፤ በኋላ ላድርግ ብትል አትችልም።

አዲስ_ሳሎን
እህቴ፣ ስለ እናቴ አስበሽ ስለጻፍሽልኝ በጣም አመሰግናለሁ። ሣጥኑን ነገ አዛለሁ።

ኮርኒስ_ገጣሚ
ልጆች፣ እኔ ኮርኒስ በመግጠም ነው ያረጀሁት፣ ስለ ድምፁ እናንተ ታውቃላችሁ። ስለ መቅደዱ ልናገር።

አንደኛ፣ ማንም ሰው ምልክት ሳያደርግ አይቅደድ። ስፒከሩ ካርቶን ውስጥ የወረቀት ልክ ይመጣል፣ እሱን ለጥፎ በእርሳስ ማዞር ነው። የስፒከሩን ፊት ለክቶ መቅደድ ትልቅ ስህተት ነው፤ ፊቱ ከቀዳዳው ይሰፋል፣ በዚያ ልክ ከቀደድከው የሚይዘው ነገር አጥቶ ይወድቃል።

ሁለተኛ፣ ቦርዱ ከተለጠፈ በኋላ አጥንቱ የት እንዳለ ካልታወቀ መሐሉን በትንሽ ትራፓኖ ብሳው። ጠንካራ ሽቦ በማዕዘን እጠፍና በብሱ አስገብተህ ዙሪያውን አዙረው፣ የታጠፈው ክንድ ከስፒከሩ ቀዳዳ ግማሽ ትንሽ ይርዘም። ሽቦው ነክቶ ከቆመ ብረት ወይም ሞራሌ ወይም የመብራት ቱቦ አለ፤ ቦታውን አሳልፍ፣ ትንሿን ብስ በስቱኮ ድፈናት። ዙሮ ከመጣ ቅደድ። የመብራቱን ቆጣሪ ማጥፋት እንዳትረሳ።

ሦስተኛ፣ ጥልቀት። ስፒከሩ ብቻውን 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ሣጥኑ ሲጨመር ብዙ ይወስዳል። ከቦርዱ እስከ ሶሌታው ያለውን ዛሬውኑ ለካ።

አራተኛ፣ ጆሮዎቹን፣ ማለት ቦርዱን ቆንጥጠው የሚይዙትን ክንፎች፣ በካቻቢቴ በእጅ አጥብቃቸው። በማሽን ካጠበቅህ ባለ 12 ሚሊ ጂፕሰም ውስጡ ይደቃል፣ ላይ ላዩን ደህና መስሎ ከርሞ ይላላል። ከባድ ስፒከር ከሆነ ደግሞ ከጀርባው ቀጭን የብረት ገመድ አስረህ ሶሌታው ላይ አንጠልጥለው። ሥሩ ሕፃናት የሚጫወቱበት ቤት ነው ብለሃል።

ቀለም ስትቀቡ ወንፊቱን ለብቻ አውርዳችሁ በስሱ በመርጨት ቀቡት። በብሩሽ ከተቀባ ቀዳዳው ይደፈንና ድምፁ ይታፈናል።

እንግዳ_14
ጋሼ፣ ትምህርት ነው የሰጡን፣ ዕድሜ ይስጥዎት። የእኔ ቤት ኮርኒስ የለውም፣ ሶሌታው ላይ በቀጥታ ነው የተለሰነው። መታጠቢያ ቤቱ ብቻ ነው ዝቅ ያለ ኮርኒስ ያለው፣ እዚያ አንድ ስፒከር ባስገባስ?

ኮርኒስ_ገጣሚ
ሶሌታውን አትንካው ልጄ። ውስጡ ፌሮ አለ፣ ቤቱን የተሸከመው እሱ ነው። ወይ የተወሰነውን ቦታ ብቻ በጂፕሰም ዝቅ አድርግ፣ ወይ ላዩ ላይ የሚሰቀለውን ዓይነት ፈልግ።

ገመድና_ኦም
ለመታጠቢያ ቤቱ እርጥበት የሚቋቋም ተብሎ የተሠራውን ግዛ፣ ከገላ መታጠቢያው ራስ በላይም አታድርገው። ለጠባብ ክፍል ግራና ቀኙን በአንድ አካል የያዘ፣ ሁለት ትዊተር ያለው ስፒከር አለ። አንዱ ይበቃሃል፣ ሁለቱም ቻናል ይገባበታል።

አዲስ_ሳሎን
ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ገመዱ ባለ 2.5፣ ስድስት መስመር ሆኖ አለቀ፤ ሁለቱ ለነገ ብዬ የተውኳቸው ናቸው፣ ጫፋቸው ኮርኒሱ ውስጥ ተጠቅልሎ አለ፣ ፎቶውም አለኝ። ሣጥንና ሱፍ ገብቷል። የላዮቹ ትዊተራቸው ስለሚዞር 1.43 ሜትሩንና 55 ሳንቲ ሜትሩን ሳልቀይር ቀደድኩ።

ሁለት ችግር ግን አለ። የመመገቢያዎቹ ሁለት አንድ ላይ ሲጫወቱ ድምፁ ባዶ ነው፣ ወፍራሙ የለም፣ ከየት እንደሚመጣም አይታወቅም። አንዱን ብቻውን ሳጫውተው ግን ጥሩ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ደግሞ የሆነ ኖታ ሲመጣ እንደ ንብ የሚጮኽ ነገር አለ።

ገመድና_ኦም
የመመገቢያው በእርግጠኝነት የፕላስና የማይነስ መገላበጥ ነው። አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ወፍራሙን ድምፅ እርስ በርሳቸው ያጠፋፉታል። ሁለቱንም ገመድ ከአምፑ ንቀል። በባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ ፕላሱን ከፕላስ፣ ማይነሱን ከማይነስ ለቅጽበት ብቻ ነካ አድርግ፣ አንድ ሰው ወንፊቱን አውርዶ ስፒከሩን ይመልከት። ወደ ውጭ ከዘለለ ልክ ነው፣ ወደ ውስጥ ከገባ ተገልብጧል።

ድምፅ_በልክ
ንቡን ለማግኘት ከ30 እስከ 200 ኸርዝ ቀስ ብሎ የሚወጣ ድምፅ በመጠነኛ ከፍታ አጫውት። ሲጮኽ እዚያው ላይ አቁመውና ኮርኒሱን በጣትህ እየነካካህ ዙር። ብዙ ጊዜ ስፒከሩ አይደለም፤ ልል የሆነ የመብራት ቀለበት፣ ወይም ቦርዱን የሚመታ ትርፍ ገመድ ነው።

አዲስ_ሳሎን
ሁለቱም ተገኘ። የበሩ በኩል ያለው ስፒከር ወደ ውስጥ ገባ፤ ገመዱን አምፑ ጋ ገለበጥኩት፣ ወዲያው ክፍሉ ሞላ። ጩኸቱ 70 ኸርዝ አካባቢ ነበር፣ ከግራው ስፒከር ጎን ያለችው መብራት ቀለበቷ ልል ነበረች። ዙሪያዋን በስስ ስፖንጅ ጠቅልዬ መለስኳት፣ ጸጥ አለች።

ከዚያ ማይክሮፎኑን ሶፋው ላይ በጆሮ ከፍታ አቁሜ አምፑ ርቀትና መጠኑን ራሱ እንዲለካ አደረግኩ። የላዮቹን ከ100 ኸርዝ በታች ቆረጥኩ። ትናንት ማታ ከልጆቹ ጋር ዝናብ ያለበት ፊልም አየን፤ ትንሿ ልጄ ተነስታ መስኮቱን ልትዘጋ ሄደች።

ጠዋት እናቴን ጠየቅኳት። ፊልም ማየታችንን አላወቀችም።